«ገና» የትኛው ገና ነው? በተለያዩ ቋንቋዎች ስለሚመሳሰሉ አጫጭር ቃላት

ከአየር ጤና ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ የሚመላለስ ሰው የታክሲ ረዳቶቹን ጥሪ በደንብ ያውቀዋል። «ዓለም ገና! ዓለም ገና!» እያሉ በሩን ይዘው ይጣራሉ። ባለፈው ክረምት ዝናቡ እያካፋ ወረፋ ላይ ቆሜ ሳለ፣ ከፊቴ የነበረ ሕፃን ወደ እናቱ ቀና ብሎ «እማዬ፣ ገና በዓሉ ነው?» ሲል ጠየቃት። እናቱም «አይ የኔ ልጅ፣ ገና አልደረሰም እንደሚባለው ነው» አለችው። ከኋላችን ጃንጥላ ይዘው የቆሙ አዛውንት ይህን ሰምተው፣ «በኦሮምኛ ደግሞ ገና ማለት ይኸው አሁን የሚዘንበው ክረምት ነው» ሲሉ ጨመሩ። በሁለት ፊደል በሚጻፍ ቃል ላይ ሦስት ሰዎች ሦስት ፍቺ ሰጡ፤ ሦስቱም ትክክል ነበሩ።

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከሰበታ እስከ ለገጣፎ፣ ከሱሉልታ እስከ ገላን፣ አንድ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ሁለትና ሦስት ቋንቋ ሰምቶ ይውላል። ስለዚህም የቃላት መመሳሰል በየሻይ ቤቱ ይነሣል። አንዱ «ይህ ቃል የእኛ ነው» ይላል፤ ሌላው «ከእነ እገሌ የተወሰደ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ አንድ የሩቅ አገር ቃል ከአማርኛ ጋር ስለተመሳሰለ ብቻ ሁለቱ ሕዝቦች ከአንድ ግንድ እንደወጡ ይደመድማል። ክርክሩ ከቃል አልፎ ወደ ቦታ ስምና ወደ ባለቤትነት ሲሻገር ሰው ከሰው ያቀያይማል። ስለዚህ ቃላት በምን በምን ምክንያት እንደሚመሳሰሉና የትኛው መመሳሰል የዝምድና ማስረጃ እንደሚሆን አስረግጦ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሦስቱ «ገና»ዎች ይዛመዳሉ?

አይዛመዱም። «ገና አልመጣም» ስንል «ና» ይላላል፤ የበዓሉን ስም ስንጠራ ግን «ና» ይጠብቃል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ በወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ እንጂ ጆሮ ይለያቸዋል። የበዓሉ ስም ልደት የሚል ፍቺ ካለው የግሪክ ቃል፣ ከ«ጌና»፣ እንደመጣ በሰፊው ይታመናል። የጊዜ አመልካቹ «ገና» ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም። የኦሮምኛው «ገና» ደግሞ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን የዝናብ ወቅት የሚጠራ የራሱ የቋንቋው ቃል ነው፤ እሱም «ና»ው ይጠብቃል፤ ስለዚህ በድምፅ ከበዓሉ ስም ጋር ይገጥማል፤ በትርጉም ግን ክረምትና ታኅሣሥ የትና የት ናቸው።

ታዲያ ቃላት በስንት መንገድ ይመሳሰላሉ?

በአራት መንገድ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት መልካቸው የሚመሳሰል ሰዎች መንገድ ላይ ብናይ ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህ በቋንቋ ውርስ ይባላል፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ ወጥተው ቃሉን ይዘው ቀርተዋል ማለት ነው። ወይም አንዱ የሌላውን ኮት ተውሶ ለብሶ ይሆናል፤ ይህ ውሰት ነው፤ ዝምድና ሳይኖር በጉርብትና፣ በንግድ፣ በሃይማኖት ወይም በጦርነት ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ይሻገራል። ወይም ጨርሶ የማይተዋወቁ ሰዎች ሆነው መልካቸው እንዲሁ ገጥሞ ይሆናል፤ ይህ ግጥምጥሞሽ ነው። አራተኛው መንገድ የሰው ልጅ ተፈጥሮ ነው፤ ሕፃናት ሁሉ ሲያለቅሱ እንደሚመሳሰሉት፣ አንዳንድ ቃላት ከአፋችንና ከጆሯችን አሠራር የተነሣ በየትኛውም አገር ተቀራራቢ ሆነው ይወለዳሉ።

ውርስ መሆኑ በምን ይረጋገጣል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቃላት «መመሳሰላቸው» ዝምድናን አያረጋግጥም። ዝምድናን የሚያረጋግጠው ልዩነታቸው ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው።

የከተማችንን ስም የመጀመሪያ ቃል እንውሰድ። «አዲስ» በግዕዝ «ሐዲስ» ነው፤ በዕብራይስጥ «ሐዳሽ» ነው፤ በዓረብኛም «ሐዲስ» ይባላል፤ ነገር ግን የዓረብኛው የመጨረሻ ድምፅ ምላስን በጥርሶች መካከል አድርጎ የሚነገር ልዩ «ስ» ነው። የእኛ «ስ»፣ የዕብራይስጡ «ሽ»፣ የዓረብኛው የጥርስ «ስ» ተራ በተራ ቆመዋል። ይህ አንድ ጊዜ ቢገጥም ምንም አልነበረም። አሁን «ስምንት»ን እንይ፤ በዕብራይስጥ «ሸሞኔ»፣ በዓረብኛ በዚያው የጥርስ «ስ» የሚጀምር «ሰማኒያ» ነው። (የዓረብኛው «ሰማኒያ» ስምንት ነው፤ የእኛ «ሰማንያ» ግን ሰማንያ ነው፤ በንግድ ቦታ ቁጥሩን በዓረብኛ የሚሰማ ሰው ልብ ሊለው ይገባል።) «ሰላሳ» ደግሞ በዕብራይስጥ «ሸሎሺም» ሲሆን፣ በዓረብኛው አቻ ቃል ውስጥም ያው የጥርስ «ስ» ይገኛል። እኛ «ስ» ባልንበት እነሱ በየራሳቸው ድምፅ፣ ሳያዛንፉ፣ በተደጋጋሚ ይመጣሉ። እንዲህ ያለው ተደጋጋሚ ሥርዓት በአጋጣሚ ሊፈጠር አይችልም። ሴማዊ ቋንቋዎች አንድ ቤተሰብ ናቸው የሚባለው በዚህ ዓይነት ማስረጃ እንጂ «ይመስላሉ» ተብሎ አይደለም።

ይህ ቃል ሩቅ ሄዷል። በዛሬዋ ቱኒዚያ ፊንቄያውያን የመሠረቷት የካርቴጅ ከተማ ስም በቋንቋቸው «ቀርት ሐዳሽት» ነበር፤ አዲስ ከተማ ማለት ነው። ሮማውያን የተዋጓት ካርቴጅና ምኒልክና ጣይቱ የቆረቆሯት ከተማ በስማቸው ውስጥ አንድ ሥር ይጋራሉ። የሐዲስ ኪዳን «ሐዲስ» እና ሙስሊሞች የነቢዩን ንግግርና ተግባር የሚጠሩበት «ሐዲስ»ም ከዚሁ ሥር ናቸው።

የድምፅ ለውጥ ሥርዓት አለው ሲባል ረቂቅ ነገር ለሚመስለው አንባቢ፣ ማስረጃው በገዛ አፉ ውስጥ እንዳለ ላሳይ። «እጅ» በግዕዝ «እድ» ነው፤ በዕብራይስጥና በዓረብኛ «ያድ» ነው። «ድ» እንዴት «ጅ» ሆነ? ወንድን «ሂድ» እንላለን፤ ሴትን ግን «ሂዲ» አንልም፤ «ሂጂ» እንላለን። «ውሰድ» ብለን «ውሰጂ» እንላለን። «ነዳ» ብለን ሹፌሩን «ነጂ»፣ «ወለደ» ብለን አባትና እናትን «ወላጅ» እንላለን። «ድ» ከ«ኢ» ድምፅ ጋር ሲጎራበት ምላሳችን ወደ ላንቃ እየተሳበ «ጅ» ያደርገዋል። በ«እጅ» ውስጥም የሆነው ይኸው ነው። ማንም ሳያስተምረን በየቀኑ የምንፈጽመው ሕግ፣ «እጅ» እና «ያድ» መልካቸው ቢራራቅም ዘመዳሞች መሆናቸውን ይነግረናል።

ትርጉምም እንዲሁ በሥርዓት ይጓዛል። «ባል» በግዕዝ «ባዕል» ነበር፤ ጌታ፣ ባለቤት ማለት ነው። ከዚሁ ነው «ባለሱቅ»፣ «ባለጸጋ»፣ «ባለቤት» ስንል የምንቀጥለው «ባለ» የወጣው። በዕብራይስጥም «በዓል» ባልም ጌታም ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ነቢዩ ኤልያስ የተከራከረበት የከነዓናውያኑ ጣዖት ስምም ይኸው ቃል ነው።

አጭር ቃል ለምን ያታልላል?

አንድ ሚኒባስ ውስጥ 12 ሰዎች ተቀምጠዋል እንበል። ሁሉም የስልክ ቁጥራቸውን የመጨረሻ ሁለት አሃዝ ቢናገሩ፣ ቢያንስ የሁለቱ ተመሳሳይ የመሆን ዕድል ግማሽ በግማሽ ያህል ነው። አስልቶ ማየት ይቻላል። ሁለት አሃዝ 100 ዓይነት ብቻ ነው፤ 12 ሰዎች ግን እርስ በርስ 66 ጥንዶች ይሆናሉ። ሙሉ ቁጥራቸውን ቢናገሩ ግን መገጣጠም ፈጽሞ አይታሰብም። «የመጨረሻ ሁለት አሃዛችን አንድ ነውና ዘመዳሞች ነን» የሚል ተሳፋሪ ማንም አይሰማውም።

አጭር ቃል ማለት እነዚያ ሁለት አሃዞች ናቸው። በዓለም ላይ 7,000 ገደማ ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ እያንዳንዳቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ቃላት አሏቸው፤ የሰው አፍ የሚያወጣቸው ድምፆች ግን ውስን ናቸው። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ድምፅ ያላቸው ቃላት በድምፅም በትርጉምም መጋጠማቸው አይቀርም። ባይጋጠሙ ነበር የሚያስገርመው።

አንዳንዶቹ ግጥምጥሞሾች ግን የምር ያስደንቃሉ። የጃፓንኛው «አናታ» አንተ ወይም አንቺ ማለት ነው። ከእኛ «አንተ» ጋር ያለው ቅርበት ብዙዎችን ያሳስታል። ነገር ግን «አንተ» ከግዕዙ «አንተ»፣ ከዓረብኛው «አንተ» እና ከዕብራይስጡ «አታ» ጋር የሚወረስ የሴማዊ ቤተሰብ ቃል ሲሆን፣ «አናታ» ግን በጥንቱ ጃፓንኛ «ወዲያ ማዶ» የሚል ፍቺ የነበረው፣ በአክብሮት ሰውን በቀጥታ ላለመጥራት ሲባል ወደ ተውላጠ ስምነት የተለወጠ ነው። ታሪካቸው ወደ ኋላ ሲከተሉት ይለያያል፤ አይገናኝም።

በሶቪየት ኅብረት ዘመን ሞስኮና ኪየቭ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ተራራ በሩሲያኛ «ጎራ» ተብሎ ተጽፎ «ጋራ» ተብሎ እንደሚነበብ ያውቃሉ። እኛም «ጋራ ሸንተረሩ» እንላለን፤ በኦሮምኛም «ጋራ» ተራራ ነው። የአማርኛውና የኦሮምኛው መመሳሰል የረጅም ዘመን ጉርብትና ውጤት ነው፤ የሩሲያኛው ግን ግጥምጥሞሽ ነው፤ እሱ ዘመዶቹን የሚያገኘው በስላቭ ቋንቋዎችና እስከ ህንድ ድረስ በሚዘልቀው ቤተሰቡ ውስጥ ነው፤ በሳንስክሪት ተራራ «ጊሪ» ይባላል። አንድ ቃል በአንድ ጊዜ ለአንዱ ጎረቤት፣ ለሌላው ባዳ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ ይነገር በነበረው በምባባራም ቋንቋ ውሻ «ዶግ» ይባል ነበር፤ እንግሊዝኛውም «ዶግ» ነው። ከእንግሊዞች የተወሰደ እንዳልሆነ የታወቀው በአካባቢው ቋንቋዎች ውሻ «ጉዳጋ» የሚባል መሆኑ ሲስተዋል ነው፤ ምባባራም የቃላትን የመጀመሪያ ክፍል የመጣል ልማድ ስለነበረው «ጉዳጋ» ደረጃ በደረጃ ወደ «ዶግ» አጠረ። እዚህም ዳኛው የድምፅ ለውጥ ሥርዓት ነው።

«አፍ» የማን ነው?

በዳርቻው ሰፈር ከሚሰሙ አጫጭር ቃላት እኔን የሚማርከኝ ይህ ነው። በአማርኛ፣ በትግርኛና በግዕዝ «አፍ» ነው፤ በሶማሊኛና በአፋርኛ «አፍ»፣ በኦሮምኛ «አፋን» ነው። በሦስቱ ኩሻዊ ቋንቋዎች ቃሉ አፍንም ቋንቋንም ይጠራል፤ «አፋን ኦሮሞ»፣ «አፍ ሶማሊ» የሚባለው ለዚህ ነው። አማርኛ ቋንቋን «አፍ» ብሎ ባይጠራም፣ ሕፃን መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» ይላል፤ «የአፍ መፍቻ ቋንቋ» የሚለው አነጋገርም ከዚያ የወጣ ነው። የኩሻዊዎቹ እርስ በርስ መመሳሰል የቤተሰብ ውርስ ነው። ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋዎችም ሁለቱ አፍሮ-እስያዊ በሚባለው ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ። ሆኖም ዕብራይስጥ አፍን «ፔ» ይላል፤ የእኛው ሴማዊ ቃል መልኩ ከቀይ ባሕር ማዶ ዘመዶቹ ይልቅ ለኩሻዊ ጎረቤቶቹ ይቀርባል። ዝምድናና ጉርብትና በአንድ ቃል ላይ ተደራርበው ሲታዩ እንዲህ ነው።

በዕብራይስጥ «አፍ» የሚል ቃል የለም ማለት ግን አይደለም። አለ፤ ትርጉሙ አፍንጫ ነው። በግዕዝና በዓረብኛ አፍንጫ «አንፍ» ነው፤ ዕብራይስጥ «ን»ን ውጦ «አፍ» አደረገው፤ የእኛ «አፍንጫ»ም ከዚህ ወገን ነው። ድምፁን ብቻ የተከተለ ሰው የዕብራይስጡን «አፍ» ከእኛ አፍ ጋር ያዛምደዋል፤ የድምፅ ለውጡን የተከተለ ግን ወደ አፍንጫው ያደርሰዋል።

ውሰትስ እንዴት ይታወቃል?

ውሰት ብዙውን ጊዜ ከዕቃው ጋር ይመጣል። ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስንወጣ በመንገዱ ዳር አሮጌ ጎማ ተሰቅሎ፣ በላዩ በነጭ ቀለም «ጎሚስታ» ተብሎ ተጽፎ እናያለን። ባለሙያው ጎማውን ፈትቶ ከመዳሪውን ያወጣል፤ ነፍቶ በውኃ ገንዳ ውስጥ እያዞረ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል። የሚጠራበት ስም ጣሊያንኛ ነው፤ «ጎማ»ም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጣሊያንኛው ከላቲን፣ ላቲኑ ከግሪኩ «ኮሚ»፣ ግሪኩ ደግሞ ከጥንታዊ ግብጽ ቋንቋ ወሰደው፤ በዚያ ዘመን ከግራር ዛፍ የሚወጣውን ሙጫ ይጠሩበት ነበር። ቃሉ ከአፍሪካ ተነሥቶ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ፣ ከመኪና ጋር ወደ አፍሪካ ተመልሷል። «ሻይ»ም የራሱ ጉዞ አለው፤ ከቻይና በየብስ በፋርስና በዓረብ በኩል የመጣው «ቻ» በእኛ ዘንድ «ሻይ» ሲሆን፣ በባሕር በኩል ወደ አውሮፓ የሄደው «ቴ» በእንግሊዝኛ «ቲ» ሆነ።

«ኦኬ»ስ? የብዙ ሕዝብ ቋንቋ የእኔ ነው ብሎበታል። በጽሑፍ የታወቀው መነሻው ግን እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 1839 የወጣ አንድ የቦስተን ጋዜጣ ነው፤ «ሁሉም ትክክል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ሐረግ ሆን ብሎ አጣሞ በመጻፍ የተገኘ ምሕጻረ ቃል ነበር። ይህን ያረጋገጡት ምሁር አለን ዎከር ሪድ አሮጌ ጋዜጦችን አንድ በአንድ ፈትሸው ነው፤ ከሚመሳሰሉ ቃላት ተነሥተው አልገመቱም።

ልጆች ሁሉ ለምን «እማ» ይላሉ?

ሕፃን መጀመሪያ የሚቆጣጠረው ከንፈሩን ነው። ከንፈር ገጥሞ በአፍንጫ ድምፅ ሲወጣ «ም»፣ ከንፈር ገጥሞ ሲከፈት «ብ» ወይም «ፕ» ይሆናል። የቋንቋ ሊቁ ሮማን ያኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1960 እንዳስረዳው፣ ጡት የያዘ ሕፃን ሊያወጣው የሚችለው የአፍንጫ ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ በኋላም ሲርበው ያንኑ ድምፅ እያሰማ ይጠራል፤ ወላጆችም ድምፁን ለራሳቸው ይወስዱታል። ስለዚህ «እማ» እና «አባ» በማይተዋወቁ ሕዝቦች ዘንድም ይገኛሉ። ጆርጂያውያን ግን «ማማ» የሚሉት አባታቸውን ነው፤ እናታቸውን «ዴዳ» ይሏታል። ድምፁ ከሕፃኑ አፍ ይወጣል፤ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ግን ማኅበረሰቡ ነው።

ሰው ሲናገር ሳንሰማው ስንቀር የምንለው «ኧ?»ም ከዚህ ወገን ነው። ማርክ ዲንገማንሰና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ከተለያየ ክፍለ ዓለም የመጡ 10 ቋንቋዎችን መርምረው፣ ይህ ቃል በሁሉም ዘንድ እጅግ ተቀራራቢ እንደሆነ አሳይተዋል። ምክንያቱ ውርስም ውሰትም አይደለም፤ ወሬው ሳይቋረጥ በፍጥነት ለመጠየቅ የሚያስፈልገው አፍን የማያደክም አጭር፣ ወደ ላይ የሚነሣ ድምፅ በመሆኑ፣ ቋንቋዎቹ በየበኩላቸው እዚያው ደርሰዋል።

የሰፈር ስሞችንስ እንዴት እንመርምር?

በከተማዋ ዙሪያ «ለገ» የሚል መነሻ ብዙ ነው፤ ለገጣፎ፣ ለገዳዲ። በኦሮምኛ «ለጋ» ወንዝ ነው። «ቱሉ» ኮረብታ፣ «ዲምቱ» ቀይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ቀይ ኮረብታ ይሆናል። «ቱሉ»ን ከዓረብኛው «ተል» እና ከዕብራይስጡ «ቴል» ጋር፣ ሁለቱም ጉብታ ስለሆኑ፣ ለማዛመድ የሚቸኩል ሰው አለ፤ የሌሎች ቃላት ተመሳሳይ ሰልፍ እስካልቀረበለት ድረስ ግን ያ የሁለት አሃዝ መግጠም ብቻ ነው። «መልካ»ም ወንዝ መሻገሪያ ነው እንጂ ከአማርኛው «መልካም» ጋር አይገናኝም።

ከመሃል ከተማ ደግሞ «ለገሀር» አለ። «ለገ» ብሎ ስለሚጀምር ከሌሎቹ ጋር የሚመድበው አለ፤ «ለጋ ሀሬ»፣ የአህያ ወንዝ፣ ነው የሚል። በሰፊው የሚታወቀው ማብራሪያ ግን ባቡር ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ «ላ ጋር» የመጣ መሆኑን ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። እንዲህ ያለውን ክርክር በጩኸት ሳይሆን በሁለት ጥያቄ መመርመር ይቻላል። የመጀመሪያው፣ ስሙ ሐዲዱ ከመድረሱ በፊት በተሣለ ካርታ ወይም በተጻፈ ደብዳቤ ላይ ይገኛል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው የአነጋገር ጥያቄ ነው። በኦሮምኛ የአህያ ስም «ሬ»ው ይጠብቃል፤ በፈረንሳይኛው «ጋር» ግን የሚጠብቅ ነገር የለም። የቦታውን ስም ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጠሩ የኖሩ አረጋውያን እንዴት ይሉታል? «ገና»ን ሁለት ያደረገው መጥበቅ በፊደላችን ላይ ስለማይታይ፣ ይህን የሚመልስ ወረቀት አይገኝም። ቀርቦ አዛውንቶቹን ማነጋገርና ድምፃቸውን መቅዳት ያስፈልጋል። ከዓለም ገናው ወረፋ ከኋላዬ እንደነበሩት ያሉ፣ ሁለቱንም ቋንቋ ከልጅነታቸው የሚናገሩ ሰዎች በየሰፈሩ ዛሬም አሉ።